ማክሰኞ ማታ፦ ቀረሶ፣ ሩዝና «ሙጫ»

ባለቤቴ ነርስ ናት። ማክሰኞና ሐሙስ የሌሊት ተረኛ ነች። እኔ ከትምህርት ቤት 11 ሰዓት ላይ ስገባ እሷ ልትወጣ ትሰናዳለች፤ በር ላይ ነው የምንተላለፈው። ጫማዋን እያሰረች ትእዛዟን ትደረድራለች። ትልቋ የሒሳብ የቤት ሥራ አላት። ትንሹ ሲያስል ስለዋለ ቀዝቃዛ ነገር እንዳትሰጠው። መጨረሻ ላይ፣ አንድ እግሯ ውጭ ሆኖ፣ ዋናውን ወሬ ጣል ታደርጋለች፦

«እንጀራ አልቋል።»

እንጀራ የምንጋግረው ረቡዕ ረቡዕ ነው። ስለዚህ ማክሰኞ ማታ መሶባችን ውስጥ የሚገኘው ፍርፋሪ ብቻ ነው። ከጎረቤት መበደር ይቻላል። ግን በየሳምንቱ በር እያንኳኩ «እትዬ፣ ሦስት እንጀራ ይኖርዎታል?» ማለት ያሳፍራል። ለረጅም ጊዜ መፍትሔዬ ማካሮኒ ነበር። ማካሮኒ በቲማቲም፣ ማካሮኒ ያለ ቲማቲም፣ ማካሮኒ ከትናንት ሽሮ ጋር (አትሞክሩት)። አንድ ቀን ትልቋ ሳህኑን አየችና «አባዬ፣ ዛሬም ማክሰኞ ነው?» አለችኝ። የጠየቀችኝ ስለ ቀኑ አልነበረም።

አሁን ማክሰኞ ማታ የምንበላው ዓሣ በሩዝ ነው። ዓሣው ላይ ከማንጎ ወይም ከብርቱካን የተሠራ፣ የሚያብረቀርቅና ጣት ላይ የሚጣበቅ ቅብ አለ። ስም ያወጡለት ልጆቹ ናቸው፤ «ሙጫ» ይሉታል። በር ላይ ቆመው «ዛሬ ሙጫ አለ?» ሲሉ የሰማ እንግዳ ምን እንደሚያስብ አላውቅም።

ዕቃ ማጠቡን ሳይጨምር 40 ደቂቃ ይፈጃል። እዚህ ለመድረስ ግን አንድ ኪሎ የሚሆን ዓሣና አንድ መጥበሻ ከስሬአለሁ።

ከዓሣው ልጀምር። ጎንደር ውስጥ የምንበላው ዓሣ በአብዛኛው የጣና ነው። ከጎርጎራ ይመጣል፤ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገድ በተዘጋ ቀን ዓሣ የለም፤ ያን ቀን እራት እንቁላል ፍርፍር ነው። የምገዛው አራዳ አካባቢ ካለች ጠባብ ዓሣ ቤት ነው። ሻጩ የድሮ ተማሪዬ ነው። ኬሚስትሪ ሳስተምረው ከኋላ ተቀምጦ ያንቀላፋ ነበር። አሁን ቢላ ይዞ ሲሠራ ባየሁት ቁጥር የዚያን ጊዜ ውጤቱን ልጨምርለት ያምረኛል። ከአንገቱ ሥር ይሰነጥቅና ቢላውን በአከርካሪው ላይ እያንሸራተተ እስከ ጅራቱ ይወርዳል። ሁለት ጊዜ፣ ግራና ቀኝ። ሥጋው እንደ ሶል ተላቆ ይወጣል፤ አጥንቱ ላይ ምንም አይቀርም።

ምርጫው ሦስት ነው፦ ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ። እኔ ቀረሶ ነው የምለው። ሥጋው ነጭ ነው፣ አይሰባም፣ በፊሌቶ ሲወጣ እሾህ አይኖረውም ማለት ይቻላል። አምባዛ ጣፋጭ ነው፤ ግን ወፍራም ስለሆነ ጊዜ ይወስዳል፣ ቅባቱም ለዚህ አሠራር ይበዛል። ቅርፊት ስለሌለው ጭራሽ የማይበሉትም ብዙ ናቸው። ነጭ ዓሣ ለወጥና ለሾርባ አንደኛ ነው። ለልጅ ግን አይሆንም። ሥጋው መሐል እንደ ባላ የተሰነጠቀ፣ ቀጭን እሾህ ሞልቶበታል።

ደግሞ ክረምት ላይ ነጭ ዓሣ አልገዛም። ይኼ የግሌ አቋም ነው። ጣና ውስጥ እንጂ ሌላ ቦታ የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች 15 ያህል አሉ። ብዙዎቹ ክረምቱ ሲገባ እንቁላል ለመጣል ወንዝ ሽቅብ ይወጣሉ፤ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ። መገጭ እኮ ከኛው ከጎንደር በኩል የሚወርደው ነው። ወንዙ አፍ ላይ መረብ ተዘርግቶ ይጠብቃቸዋል። ልትወልድ መንገድ የወጣችን ይዞ መጥበስ ደስ አይለኝም። ተማሪዬ ይኼን ስነግረው «ቲቸር፣ እርስዎ ቢተዉት ሌላው ይገዛዋል» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔ ግን አልገዛም።

ዓሣ መምረጥ ያስተማሩኝ አማቴ ናቸው። የቆላድባ ሰው ናቸው፤ በጎርጎራ መንገድ ላይ። ዓይኑን አያዩም፣ ዋጋ አይጠይቁም። በአውራ ጣታቸው ወገቡን ጫን ያደርጉታል። ጎድጎድ ያለው ወዲያው ከሞላ ይገዙታል። ካልሞላ፣ ሻጩ እየሰማ፣ «ይኸ ትናንት አይደለም የሞተ፤ አምና ነው» ብለው ይሄዳሉ። ቀጥሎ ስንጥቡን ገልጠው ያያሉ። ደም የመሰለ ቀይ መሆን አለበት። ቡናማ ከሆነ ወሬ የለም። በፊሌቶ ለምትገዙ ደግሞ ሽታው ይበቃል። ትኩስ ዓሣ ዓሣ ዓሣ አይሸትም።

ጭቃ ጭቃ ግን ሊል ይችላል። በተለይ ቀረሶና አምባዛ። ብዙ ሰው ዓሣ የሚጠላው በዚህ ነው። ያ ሽታ ጂኦስሚን ከሚባል ነገር የሚመጣ ነው፤ ውኃና አፈር ውስጥ ያሉ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ይሠሩታል። ከረጅም በጋ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን ሲመታው የሚሸተንና ደስ የሚለን እሱው ነው። አፈር ላይ ሲሆን ሽቶ፣ ዓሣ ላይ ሲሆን ጭቃ። አሲድ ሲያገኘው ደግሞ ይፈርሳል። እናቶቻችን ዓሣን በሎሚ የሚያሹት ለዚህ ነው፤ ኬሚስትሪ አልተማሩም፣ ግን ልክ ናቸው። እኔም ፊሌቶውን በግማሽ ሎሚና በጨው አሽቼ 10 ደቂቃ አስቀምጠዋለሁ። ከዚያ በላይ ከቆየ ሎሚው ራሱ ዓሣውን ማብሰል ይጀምራል፤ ላዩ ወደ ነጭነት ሲቀየር ታዩታላችሁ።

አሁን ወደ ጥፋቴ።

የመጀመሪያው የፓፓያ ነው። የሆነ ቦታ «ዓሣውን በፍራፍሬ ዘፍዝፉት» የሚል አንብቤ ነበር። ቤት ያለው ፓፓያ ነው። ያውም ገና ያልበሰለ። ፈጭቼ፣ ዓሣውን ለወስኩበትና ጠዋት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጬ ሥራ ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ፤ ማታ የሚጠብቀኝ ነገር ነበራ። 11 ሰዓት ላይ ከፍቼ ቁራጩን በሹካ ላነሳ ስል ሹካው ብቻ ተነሣ። ዓሣው ገንፎ ሆኗል። በማንኪያ የሚበላ።

ልብ በሉ፣ ይኼን የምጽፈው የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ፓፓያ ውስጥ ፓፓይን የሚባል ኢንዛይም አለ፤ ፕሮቲን ይቆራርጣል። ባልበሰለው ፓፓያ ውስጥ ደግሞ ይበዛል። ሥጋ ማለስለሻ ዱቄት የሚሠራው ከሱ ነው። ጠንካራ የበሬ ሥጋ ላይ ጥቂት ሰዓት ቢቆይ ይጠቅማል። ዓሣ ላይ፣ ያውም ቀኑን ሙሉ፣ ምን ይተርፋል? ይኼን ሁሉ ክፍል ውስጥ ቆሜ አስተምሬአለሁ። ኩሽና ስገባ ግን ዕውቀቴን ከጠመኔው ጋር ጥዬው ነው የምገባው መሰለኝ። ያን ቀን በሽንኩርትና በቃሪያ አቁላልቼ «ጉላሽ ነው» ብዬ አቀረብኩት። ትንሹ በላ። ትልቋ አየችኝ።

ፓፓያ ከወደዳችሁ መጀመሪያ አፍሉት። ኢንዛይሙ በሙቀት ይሞታል። አናናስም ያው ነው።

ሁለተኛው ጥፋት የባሰ ነበር። ማንጎውን ጨምቄ፣ ማር ጨምሬ፣ ከዓሣው ጋር አንድ ላይ መጥበሻው ላይ ገለበጥኩት። ዘይቱ ግሏል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ቤቱ በጭስ ታፈነ። የፍራፍሬና የማር ስኳር ቶሎ ነው የሚያርረው፤ የጋለ መጥበሻ ደግሞ ከሚችለው በላይ ነው። ጥርት ያለ ወርቃማ ነገር ስጠብቅ ጥቁር ሬንጅ አገኘሁ። ውስጡ ግን ዓሣው ጥሬ ነው። ያቺ እንጀራ የምታበድረን ጎረቤታችን በሩን ከፍታ ገባች። «ምን እያቃጠልክ ነው ልጀ?» አለችኝ፣ በነጠላዋ አፍንጫዋን ይዛ። ዓሣ ነው ስላት አላመነችም። ማታ ሦስት እንጀራና ምስር ወጥ ላከችልን። መጥበሻው በሽቦም በአመድም አልለቀቀም። አሁን ለቡና መቁያ ሆኗል።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ዓሣውና ቅቡ መገናኘት ያለባቸው መጨረሻ ላይ ነው። ለየብቻ ይሠራሉ፣ ሁለት ደቂቃ ሲቀር ይጋባሉ።

አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። 12 ሰዓት ላይ መጀመሪያ ሩዙን እጥዳለሁ።

ሩዙ የፎገራ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሄደ ሰው ሁሉ አዲስ ዘመንን አልፎ ወረታ ሲደርስ ያን ሜዳ ያውቀዋል። ክረምት ላይ ውኃ ይተኛበታል። ለሌላ እህል መከራ የሆነው ውኃ ለሩዝ ሠርግ ሆነለት። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ያመጡት ዘር ነው ይባላል በብዛት የተለመደው፤ «ኤክስ ጅግና» ይሉታል፣ ጅግና የዚያው አካባቢ ስም ነው። ዛሬ ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ። የአካባቢው ሰው ሩዙን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ እንጀራ ይጋግርበታል፤ ነጭ፣ ለስላሳ እንጀራ ይወጣዋል። በነገራችን ላይ የኛም ቤት እንጀራ ትንሽ አለበት፤ ባለቤቴ እንዳትሰማ።

ብዙ ሰው «የአገር ውስጡ ይጣበቃል» ብሎ በላስቲክ የታሸገውን፣ ከውጭ የመጣውን ረጅሙን ይገዛል። እውነት ነው፣ የፎገራው ድቡልቡል ነው፣ ስባሪም አለው፣ ይያያዛል። እኔ ግን ለዚህ ምግብ የምፈልገው ይኼንኑ ነው። ረጅሙ ሩዝ ላይ ሙጫው ፈስሶ ሳህኑ ሥር ይቀራል። የፎገራው ይጠጣዋል። ዋጋውንም ብታዩ የፎገራው ይሻላል። ቁጥሩን አልጽፈውም፤ አንብባችሁ ሳትጨርሱ ይቀየራል።

ጣጣው መልቀም ነው። ጠጠር አያጣም። ይኼን ለትንሹ ሰጥቼዋለሁ። ሰፌድ ላይ ዘርግቶ አንድ ጠጠር ባገኘ ቁጥር ይጮኻል። አራት ካገኘ መጨረሻ የሚቀረውን ቅብ ይልሳል። ከደጅ ጠጠር አምጥቶ ሲጨምር አንዴ ይዤዋለሁ።

አንድ ብርጭቆ ተኩል ሩዝ ለሦስታችን ይበቃል። ውኃው እስኪጠራ ሦስት ጊዜ አጥባለሁ። ሦስት ብርጭቆ ውኃ፣ ጨው፣ አንድ ማንኪያ ዘይት። ሲፈላ እሳቱን ዝቅ አድርጌ እከድናለሁ። ከዚህ በኋላ ክዳኑን የከፈተ ከኔ ጋር ተጣላ።

የታሸገው ሩዝ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ አትመኑ። ጎንደር ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት። እዚህ ውኃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። በየዓመቱ ክፍል ውስጥ «ውኃ በስንት ይፈላል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ሁሉም በአንድ ድምፅ «መቶ!» ይላል። ከዚያ ማፍያና ቴርሞሜትር አመጣለሁ። ውኃው ይንተከተካል፣ ቁጥሩ 93 ላይ ቆሞ ይቀራል። አንዱ ሁልጊዜ «ቲቸር፣ ተበላሽቷል» ይላል። አልተበላሸም። ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፣ ውኃው ሳይግል ይፈላል። ስለዚህ ሩዛችን እየፈላም ቢሆን ከባሕር ዳር ሰው ሩዝ ቀዝቀዝ ባለ ውኃ ነው የሚበስለው። 20 ደቂቃ እሰጠዋለሁ፤ ከዚያ እሳቱን አጥፍቼ፣ ሳልከፍት፣ ሌላ 10 ደቂቃ። እንፋሎቱ ይጨርሰዋል።

ሩዙ ላይ ሆኖ ሙጫውን እሠራለሁ። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ማንጎ ሲበዛ በማንጎ ነው። አንድ ትልቅ፣ የበሰለ፣ ሲጫኑት እሺ የሚል። ያገራችን ማንጎ ቃጫ ይበዛዋል፤ እሱ ጥርስ ውስጥ እንጂ ዓሣ ላይ ጥሩ አይደለም። ስለዚህ ሥጋውን ሞልጬ በሻይ ማጥለያ ላይ በማንኪያ እየደፈጠጥኩ አሳልፈዋለሁ። ቃጫው ከላይ ይቀራል፣ ታች እንደ እንቁላል አስኳል ያለ ቢጫ ይወርዳል። የአንድ ብርቱካን ጭማቂ እጨምርበታለሁ። ሁለት ፍሬ ነጭ ሽንኩርትና የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ዝንጅብል በሙቀጫ ወቅጬ እከታለሁ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር፤ ማንጎው ራሱ ማር ከሆነ ይቅር። ከዚያ ግማሽ የሻይ ማንኪያ አዋዜ።

አዋዜው ላይ ድርድር የለኝም። ያለሱ ሠርቼ አውቃለሁ፤ ማርማላታ የተቀባ ዓሣ ነው የሚሆነው። እኛ ጣፋጭ እራት አልለመድንም። ጣፋጩ በርበሬና ጨው ካላገኘ ምላሳችን «ይኼ ለሻይ ነው» ብሎ ይመልሰዋል። አዋዜው ሲገባ ግን ነገሩ ይቀየራል። መጀመሪያ ይጣፍጣል፣ ከዚያ ይኮመጥጣል፣ ልትውጡ ስትሉ ጉሮሮ ላይ ቆንጠጥ ያደርጋል።

በትንሽ ድስት፣ መካከለኛ እሳት፣ ክዳን ሳይኖረው። መጀመሪያ አረፋ ይኩረፈረፋል፤ ውኃው እየወጣ ነው። እያማሰላችሁ ቆዩ። ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ድምፁ ይለወጣል። ቅድም ሽሽሽ ይል የነበረው አሁን ገንፎ እንደሚፈላ ቡፍ… ቡፍ ይላል። ያኔ ማንኪያ ነክራችሁ ጀርባው ላይ በጣት አስምሩ። መስመሩ ሳይገናኝ ከቆመ ደርሷል። እሳቱን አጥፍታችሁ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ጨምሩ። ሎሚውን ቀድማችሁ ካፈላችሁት ሽታው ይጠፋል፤ ኮምጣጣነቱ ብቻ ነው የሚቀረው።

ማንጎ በሌለበት ወቅት ሦስት ብርቱካን። ጭማቂው ቀጭን ስለሆነ ረዘም ላለ ጊዜ ይፈላል፤ ሲሶው እስኪቀር። ከልጣጩ ላይ ቢጫውን ብቻ ፋቅ ፋቅ አድርጋችሁ ጨምሩበት። ነጩ ይመርራል።

ዓሣው የመጨረሻ ነው። ከሎሚው አውጥቼ በሶፍት በደንብ አደርቀዋለሁ። ይኼን አትዝለሉ። እርጥብ ዓሣ አይጠበስም፣ ይቀቀላል፤ መጥበሻው ላይም ይጣበቃል። ግማሽ ኪሎ ፊሌቶ፣ ትንሽ ቁንዶ በርበሬ። ዘይቱ ሲግል ዓሣውን አስቀምጡና እጃችሁን ሰብስቡ። አትነካኩት። 3 ደቂቃ። ጠርዙ ነጭ እየሆነ ወደ መሐል ሲመጣ ታያላችሁ። ራሱ ሲላቀቅ አገላብጡት። ካልላቀቀ አልደረሰም ማለት ነው፤ እየጎተታችሁ አትበጣጥሱት። በሌላው ጎን አንድ ደቂቃ ብቻ ካየ በኋላ እሳቱን ዝቅ አድርጌ ሙጫውን በማንኪያ አፈስበታለሁ።

ደስ የምትለኝ ያቺ ሁለት ደቂቃ ናት። ቅቡ ዳር ዳሩን እየፈላ ወደ ዓሣው ይሰበሰባል። መጥበሻውን ወደራሴ ዘንበል አድርጌ የተጠራቀመውን በማንኪያ እየቀዳሁ ላዩ ላይ መልሼ አፈስሳለሁ። ደብዘዝ ያለው ቢጫ እያየሁት ይጠራል፣ መብራቱ ላዩ ላይ ይታያል። ሽታው ያን ጊዜ ነው የሚነሳው፤ ዝንጅብሉ ቀድሞ፣ ከኋላው ብርቱካኑ። ትልቋ የቤት ሥራዋን ትታ ትመጣለች። ላዩ ላይ ቆላ ያደረግኩትን የመተማ ሰሊጥ በተን አደርጋለሁ። አለቀ።

ቅቤ የለበትም፣ ወተትም የለበትም። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም፤ እኛ ቤት ራሱ አንድ አቋም የለም። ባለቤቴ በጾም አትነካውም። ጎረቤታችን ትበላለች፣ ምክንያቷንም በቃሏ ታውቀዋለች።

መብራት የሄደ ዕለትስ? አንድ ማክሰኞ ሩዙን ጥጄ አምስት ደቂቃ እንደሄደ ጨለመ። ከሰል አያያዝኩ። ድስቱን እንዳለ አንሥቼ ከሰሉ ላይ አስቀመጥኩት። እሳቱ የማይታዘዝ ስለሆነ ሥሩ አረረ። ያረረውን ትንሹ ፍቆ እንደ ቆሎ በላው። ዓሣውን በሞባይል ባትሪ ብርሃን ጠበስኩ፤ ባትሪውን የያዘችው ትልቋ ናት፣ እጇ እየደከመ ብርሃኑ ወደ ግድግዳው ይሄድ ነበር። ዓሣው ግን ከሁሉም ጊዜ የበለጠ ነበር። ከከሰሉ ጭስ ትንሽ ገብቶበታል። ከዚያ ወዲህ መብራት እያለም ከሰል ላይ ልሥራው የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። ከዚያ ማክሰኞ መሆኑን አስታውሼ እተወዋለሁ።

ባለፈው ግንቦት አማቴ የሐኪም ቀጠሮ ኖሯቸው መጡ። የመጡት ማክሰኞ ነው። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ «እባክህ ዛሬ እንኳ ደህና ነገር ሥራ» አለችኝ። ደህና ነገር ማለት ወጥ ነው። እኔ ግን ቀረሶው ገብቷል፣ ማንጎው በስሏል። ሠራሁ።

ሳህኑን አጠገባቸው አደረግኩ። ጎንበስ ብለው አዩት።

«ምንድን ነው ልጀ?»

«ዓሣ ነው፣ እማማ። ከቆላድባ በኩል የመጣ።»

«ዓሣነቱንማ አየሁት። የለበሰው ምንድን ነው?»

«ማንጎ።»

ትንሹ «ሙጫ ነው!» አለ፤ ነገሩን ጨርሶ አበላሸው።

ቆረስ አድርገው ቀመሱ። ቀስ ብለው አላመጡ። ከዚያ በማንኪያው ጠርዝ ቅቡን ከዓሣው ላይ ወደ ሳህኑ ዳር ገፉት፤ ጥንቅቅ አድርገው፣ ሰሊጡን ሳይቀር። የተገፈፈውን ዓሣ ሚጥሚጣ ጠይቀው በሩዝ በሉት። «ዓሣው ደኅና ነው» አሉ። «ያለበስከው ነገር ነው እንጂ።» የገፉትን ቅብ ትንሹ በጣቱ ጠራረገው።

ከእራት በኋላ ኩሽና ገብተው የማንጎውን ፍሬ ከቆሻሻው ውስጥ አወጡት። በውኃ አጥበው፣ በሶፍት ጠቅልለው፣ ቦርሳቸው ውስጥ ከሐኪሙ ወረቀት ጋር ከተቱት። ከፍሬ የተተከለ ማንጎ እስኪያፈራ አምስት ስድስት ዓመት እንደሚፈጅ ነገርኳቸው። «ታዲያ ምን አስቸኮለኝ?» አሉ።

ሰሞኑን ደወልኩላቸው። በቅሏል። ግን ቅጠሉ ቀላ ብሎባቸው አሳስቧቸዋል። አዲስ ቅጠል ሲወጣ እንዲያ ነው፣ በኋላ ይለመልማል አልኳቸው። ዶሮ እንዳይጭረው ዙሪያውን በእሾህ አጥረውታል። «ሲያፈራ ዓሣ ላይ አታደርጉትም» አሉኝ።